የጭራ ጎማው መቆለፊያ

ሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 1948

ጅማ ደርሶ መልስ። ደመና የለም። ከሰዓት በኋላ ልደታ ሜዳ ላይ የተለመደው የጎን ነፋስ። ፌንጣ እንደ ልማዷ ሁለቴ ዘላ ተቀመጠች። (አይሮፕላኗን ፌንጣ ያላት መካኒካችን ገብረአብ ነው። ድርጅቱ በቁጥር ነው የሚጠራት።)

አመሻሽ ላይ ከባለቤቴ ከየሺ ጋር ፒያሳ ወጣን። ቀለበቷ ጠቧት ወርቅ ሠሪው ዘንድ ነበር። ስንመለስ ጊዮርጊስ በር ላይ ባርኔጣዬን አውልቄ አማተብኩ። ሁልጊዜ በሩ ሥር የሚቀመጠው የኔ ብጤ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጌታዬ፣ ማርሽ አስገቡ እንዴ?»

የሺ ቆማ ሳቀች። ለካ እሷም አይታው ኖሯል። ካማተብኩ በኋላ ቀኝ እጄ ወደ ጭኔ ይወርድና የሆነ ነገር ወደፊት ይገፋል።

«እኔም ስንት ጊዜ ልጠይቅህ… ምንድን ነው የምትገፋው?»

«መቆለፊያውን።»

እስከ ቤት ድረስ ሳስረዳት መጣሁ። ፌንጣ ሦስተኛው ጎማዋ ከጭራዋ ሥር ነው፣ ትንሽ ናት። መሬት ላይ ስንዞር እንደ ልቧ ትሽከረከራለች። ስናርፍ ግን ቀጥ ብላ መቆለፍ አለባት። ማንሻው ከመቀመጫዬ በስተቀኝ ነው፤ ወደፊት ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደኋላ ሲመለስ ይከፍታል።

«ካልተቆለፈስ?»

«ጋሪ ወደኋላ ገፍተሽ ታውቂያለሽ? ትንሽ ከጠመመ ራሱ ይዞርብሻል።»

«እኔ ጋሪ ገፍቼ አላውቅም» አለች። ጨዋታው አበቃ።

እውነት ነው ግን። ወደ ሜዳው ስወርድ ልደታ ማርያም በግራ ትመጣለች። አማትባለሁ። እጄ ሲወርድ ማንሻው ላይ ያርፋል። እገፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ። አስቤበት አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ሊንድ ዛሬ ፈተነኝ። ዋናው አብራሪያችን ነው፤ ከስዊድን ከመጣ ሦስት ዓመቱ፣ ፈታኝ ከሆነ ግን ገና ወሩ። በስድስት ወር አንዴ ከጎናችን ተቀምጦ እያንዳንዳችንን ያያል። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ሥራውን ያውቃል።

ወደ ሜዳው ስንወርድ አማተብኩ። እጄን በአየር ላይ ያዘው። እንደ ተማሪ።

«ቀኝ እጅ ጋዝ መስጫው ላይ። እስኪቆም ጋዝ ላይ።»

«ማርያምን ስሳለም ነው።»

«ገባኝ። ነፋስ ቢመታ ማርያም ጋዝ ትይዛለች?»

እጄን ወደ ጋዙ መለስኩ። ወዲያው «ቁልፍ!» ብሎ ጮኸ፣ ቆለፍኩ፣ አረፍን። ጥሩ ማረፍ ነበር። መዝገቡ ላይ ግን ጻፈው፦ ሲያርፍ ቀኝ እጁን ከጋዝ ላይ ያነሳል፣ ይታረም።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። እጄን ተያዝኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

አልበረርኩም። ገብረአብ የፌንጣን ጭራ ጎማ አውርዶ የመቆለፊያውን ሞላ ሲቀይር ዋለ። አሥመራ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ እጁ አይቸኩልም። ማንሻውን እየገፋ እየመለሰ በትግርኛ ይቆጥራል።

«ስንት ጊዜ ነው?»

«ሠላሳ ጊዜ ካልያዘ አላስረክብም፣ ጋሽ ተስፋ። እርስዎን በምን አምኜ እሰዳለሁ?»

ዓርብ፣ የካቲት 9

መጻፍ አልፈለግኩም። ቢሆንም ልጻፍ።

ከጅማ የተነሳነው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ። ከጎኔ አቶ አብዱልሃሚድ፤ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ ሱቃቸው አራዳ፣ በወር ሁለቴ አብረውኝ ይበራሉ። ከኋላችን የፖስታ ጆንያ። መንገዱ ሰላም ነበር።

ልደታ ላይ ነፋሱ ከቀኝ ይመጣል። ከወትሮው ጠንከር ያለ። ወደ ሜዳው ዞርኩ። ቤተ ክርስቲያኗ በግራ መጣች። እጄ ከጋዙ ላይ ተነሳ… መለስኩት። ሊንድ ጀርባዬ የተቀመጠ ያህል። ጋዙን ጨበጥኩ፣ አልለቀቅኩም።

የፊት ጎማዎቿ ነኩ። ደህና። ጭራዋ ወረደ። ያኔ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ሄደ። የግራውን ፔዳል ረገጥኩ። አልሰማችኝም። እስከ መጨረሻው ረገጥኩ፣ ፍሬን ጨመርኩ። ጭራዋ ሊቀድመን ይመጣል… በጀርባዬ ይሰማኛል፣ ምንም ማድረግ አልችልም። የግራ ክንፏ መሬት ነካ። እግሯ ተሰበረ። አቧራ።

ስትቆም የመጣንበትን አቅጣጫ ታያለች።

ነዳጁን ዘጋሁ። ማብሪያዎቹን አጠፋሁ። አቶ አብዱልሃሚድ ትከሻቸውን ይዘው፣

«ጨረስን ካፒቴን?» አሉ።

«ጨረስን።»

መጀመሪያ የደረሰው ገብረአብ ነው፣ እየሮጠ። ከኋላው ሊንድ። አንገቱን በበሩ አስገብቶ ሰውን ሳይሆን ወለሉን አየ። ማንሻው ወደኋላ ነበር።

«ክፍት ነው። ቆልፈሃል?»

«ቆልፌአለሁ።»

ሳላስብ ነው ያልኩት። ስምህ ማነው ስባል ተስፋማርያም እንደምለው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ሪፖርቱን ጻፍኩ። «ከማረፌ በፊት የጭራውን ጎማ ቆልፌ ነበር።» ፈረምኩ።

ሊንድ እንዲህ ይላል፦ አዲሱ ሞላ ጠንክሯል፣ ማንሻውን ከጥርሱ ፈልቅቆ ወደኋላ መልሶታል። ያስኬዳል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ገብረአብ ሃንጋሩ በር ላይ ቆሞ «ሠላሳ ጊዜ ይዟል፣ ሠላሳ ጊዜ» ይላል፤ ማንም አይመልስለትም። ከቀትር በኋላ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ሰው ተጎድቷል፤ የሠራው ሰው ይጠየቃል።

የሺ «አንተ ተርፈሃል፣ ሌላው ይደርሳል» አለች። ምሳዬን በላሁ።

እሑድ፣ የካቲት 11

ከቅዳሴ ስወጣ አንድ ፖሊስ በር ላይ ጠበቀኝ። ገብረአብ ልኮብኝ ነው። ዋስ ይጥራ ተብሏል። አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የለውም። የጠራው እኔን ነው።

ጣቢያው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ነው። በእግሬ ሄድኩ። ገብረአብ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ወስደውበታል። ስገባ ተነሳ። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ።

«ሰንበትዎን አበላሸሁ፣ ጋሽ ተስፋ።»

«ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ቆልፈው ነበር?»

«ቆልፌአለሁ ገብረአብ።»

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ጊዜ።

«እንግዲያው ከኔ ነው። እርስዎ ቆለፍኩ ካሉ ከኔ ነው። የት ጋ እንደሆነ ነው ያጣሁት…»

አሥር አለቃው ወረቀት አቀረበልኝ። ተጠርጣሪው በተፈለገ ጊዜ አቀርባለሁ፣ ባላቀርብ እኔው እጠየቃለሁ። ፈረምኩ። በሁለት ቀን ሁለተኛ ፊርማዬ።

ሰኞ፣ የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን። ሥራ የለም። ሰው ወደ ስድስት ኪሎ ይወጣል። እኔ አቶ አብዱልሃሚድን ልጠይቅ ሄድኩ። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው።

ሐኪም ቤት አንድ ሌሊት አድረው እምቢ ብለው ወጥተዋል። ወጌሻ አስመጥተው ትከሻቸው ተመልሷል፤ ክንዳቸው በነጠላ ታስሯል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከሪማ ሻይ አመጡልኝ። ቅርንፉዱ ይሸታል።

«ፊትዎ ከኔ ትከሻ ብሷል» አሉኝ አቶ አብዱልሃሚድ።

«ይማርዎ። ምን ልበል…»

«ምንም አይበሉ። የሰው ነፍስ አልጠፋ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው።» ሚስታቸውን አዩ። «ነግሬሻለሁ አይደል?»

«ይንገሯቸው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ከሪማ።

«ካፒቴን፣ እኔ አይሮፕላን እፈራለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ አብሬዎት ስበር እፈራለሁ። ግን መላ አለኝ። ልንወርድ ስንል እርስዎ ያማትባሉ። ያኔ እኔ ቢስሚላህ እላለሁ። እርስዎ ሲያማትቡ አየሁ ማለት ደረስን ማለት ነው። ዓርብ ዕለት ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ… አላማተቡም። ቢስሚላዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።»

ሻዩን አስቀመጥኩ።

«ምነው፣ ተጣልተው ነው እንዴ ከማርያም ጋር?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸውን አመማቸው።

ስመለስ በጊዮርጊስ በር አለፍኩ። ባርኔጣዬን ሳላወልቅ፣ ሳላማትብ። እጄ ኪሴ አጠገብ ተንጠልጥሎ ቀረ። የትም አልሄደም። ሃያ እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ። አማተብኩ። እጄ ወረደ። ገፋ።

የኔ ብጤው ሲያየኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ዛሬስ ሁለተኛ ማርሽ ነው?»

አልቆለፍኩም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

እንዴት ነው ትዝ የማይለኝ? ቤተ ክርስቲያኗን አስታውሳለሁ። ጋዙን መጨበጤን አስታውሳለሁ። ከዚያ ጎማዎቹ ነኩ። በመካከሉ ምንም የለም። የማንሻው ብረት ቅዝቃዜ መዳፌ ላይ ሊኖር ይገባ ነበር። የለም።

እርግጠኛ ነኝ? ሊንድ ስለ ሞላው ያለው ልክ ቢሆንስ?

አይደለም። አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 14

ምንም አላልኩም። ለማን? ለምን?

ገብረአብ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። መካኒክ የትም ይቀጠራል፤ መኪና አለ፣ ወፍጮ አለ፣ የውሃ ሞተር አለ። እኔ ከማብረር ሌላ ምን አውቃለሁ? ረስቶ ሰው የሰበረ አብራሪ ማን ይፈልጋል?

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ይቀመጥ። አልሰርዘውም።

ዓርብ፣ የካቲት 16

የሺ ዛሬ ቁርስ ላይ፣

«ሳምንቱን ሙሉ አላማተብክም» አለች።

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ። ማዕዱ ላይ እንኳ እጅህን ጠረጴዛ ሥር ትይዘዋለህ። ምን ሠራ እጅህ?»

ነገርኳት። ሁሉንም። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሳህኑን አነሳች፣ ፍርፋሪውን በእጇ ጠረገች።

«የገብረአብ ዋስ ማነው?»

«እኔ።»

«እሱስ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የፈረምክለት?»

ወጣች። በሩን አላላተመችውም። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 17

ሃንጋር ሄድኩ። ልነግረው ነበር የሄድኩት። ይመስለኛል።

ፌንጣን በእንጨት አስደግፈው አቁመዋታል። አንድ ክንፍ የላትም። ገብረአብ ከሥራ ታግዶም ይመጣል፤ ሊንድ እያየ ዝም ብሎታል። መቀመጫዬ ላይ ተቀምጦ ማንሻውን ይገፋል፣ ይለቃል፣ ይመለከታል። ዓይኑ ቀልቷል።

«መቶ ዘጠና ደርሻለሁ» አለ።

«ተው በቃ።»

«ማታ ሳስበው አንድ ጊዜ የሸሸ ይመስለኛል። ቀን ስሞክረው ይይዛል። ሲይዝብኝ እናደዳለሁ፣ ጋሽ ተስፋ። ምነው አንዴ እንኳ ቢዘልልኝና ባውቀው!»

የፌንጣን የተሰበረ እግር ተመለከትኩ።

«ለማንኛውም ሰኞ የምርመራ ጉባኤው አለ። ልፈርም ነው። ሞላው ጠንክሮ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ። ባልፈርም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እርስዎን ማንገላታት ነው። ዋስ ሆነውኝ!»

«አትፈርም።»

«ለምን?»

«ሰኞ ድረስ ምንም አትፈርም።»

አየኝ። ማንሻውን ገፋ። ያዘ። «መቶ ዘጠና አንድ» አለ።

ያን ጊዜ ነበር መናገር። ወጣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 19

ነነዌ ገባ። ሳልበላ ሄድኩ።

ሻለቃ እምሩ መካከል ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጃችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር። በቀኛቸው ሊንድ። ጸሐፊው በጥግ። ገብረአብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ወረቀቱ እጁ ላይ፣ ተጽፎ ያለቀ።

«የመካኒኩን ቃል እንስማ» አሉ ሻለቃ።

«ከሱ በፊት እኔ አለኝ» አልኩ።

«የእርስዎማ ሪፖርት እዚህ አለ።»

«ሪፖርቱ ልክ አይደለም። አልቆለፍኩም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። ሊንድ መነጽሩን አወለቀ። ወደ ገብረአብ አላየሁም።

«ቆልፌአለሁ ብለው ፈርመዋል እኮ!»

«ፈርሜአለሁ። የፈረምኩ ዕለት እውነት መስሎኝ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ግን አውቃለሁ።»

«ከየትኛው ሰኞ?»

«ካለፈው።»

ሻለቃ ቀኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«መልካም። ለምን አልቆለፉም?»

«ስላላማተብኩ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

ተናገርኩ። እጄ እንዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚወርድ። ተቀምጬ አሳየኋቸው። ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ፣ ወደ ታች፣ ወደፊት። ያን ቀን አፍሬ እጄን እንደያዝኩትም ነገርኳቸው። ማን እንዳሳፈረኝ አልተናገርኩም፤ ሊንድ ራሱ ተናገረ።

«እኔ ነኝ አታንሳ ያልኩት። መዝገብ ላይ አለ» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ጋዙን አየሁ። ማንሻውን አላየሁም።»

«ትእዛዝህ ልክ ነበር» አልኩት። ልክ ነበር ደግሞ። መቆለፉ የኔ ሥራ ነው።

ጸሐፊው «ጌታዬ፣ ይሄ ማማተቡ… ይጻፍ?» አለ።

ሻለቃ ጥቂት አሰቡ።

«ዘነጋ ብለህ ጻፍ።»

የማብረር ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታገደ፣ ከዚያ በኋላ ይታያል። ይታያል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ገብረአብ ነጻ ነው፣ ነገ ሥራው ይገባል። ለጣቢያው ደብዳቤ ተጻፈ።

ገብረአብ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎታል።

«አንድ ሳምንት» አለ።

«አንድ ሳምንት።»

«ቅዳሜ ከፊትዎ ተቀምጬ ስቆጥር ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«መቶ ዘጠና አንድ ጊዜ አስቆጠሩኝ። አሁን ማንሻው ቢይዝም ባይዝም እጄ አያምንም።» ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። «ዋስትናዎን ነገ አስወርዳለሁ፣ አቶ ተስፋማርያም።»

ጋሽ ተስፋ አላለኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 22

የሺ ቁርስ አቀረበች። ከተቀመጠች በኋላ እጄን አየች። አማተብኩ። «ብላ» አለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ፒያሳ ያለው ቢሮ ውስጥ መደቡኝ። ጥቅል እመዝናለሁ፣ ቲኬት እቆርጣለሁ። አቶ አብዱልሃሚድ መጥተው ለጅማ ቆረጡ።

«ማን ነው የሚያበርረው?»

«አዲስ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው።»

«ያማትባል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ቢስሚላዬን ከዚሁ ልጀምር» ብለው በደህናው እጃቸው ጨበጡኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25

ፌንጣ ዛሬ ተሠርታ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች። አዲሱ ልጅ ነው ያነሳት። ማንም አልነገረኝም። ጥቅል እየመዘንኩ ድምጿን ሰማሁ፤ ሞተሯ ከፍ ሲል ትንሽ ያስነጥሳታል፣ ከሌላ አላምታታትም።

የተሰለፉትን ትቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ። በጊዮርጊስ በላይ አልፋ ወደ ልደታ ዝቅ አለች። ጎኗ ላይ አዲስ ቀለም። ነፋስ ነበር። ከቀኝ። ከዚያ ቤቶቹ ጋረዷት፣ ድምጿም ቀነሰ፣ ጠፋ።

ድምጿ ሲጠፋ ነው የምታርፈው። ወይም…

ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ሚዛኑ ላይ ያለውን ጥቅል ክብደት ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ ቁጥሩ አልገባኝም። አንዲት ሴትዮ «ወንድሜ፣ ምን ነካህ?» አለችኝ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልጮኸም። ልደውል? ምን ብዬ? ማንን ብዬ?

ጮኸ።

«ቢሮ ነው?» ገብረአብ። ከየካቲት ወዲህ ድምጹን አልሰማሁም።

«አዎ። ተስፋማርያም ነኝ።»

የሚዘጋው መሰለኝ።

«ወረደች» አለ። «ቀጥ ብላ።»

«ቆልፎ ነበር?»

«ማንሻውን ቀይ ቀብቼዋለሁ። በደንብ ይታያል።»

ዘጋው።

ስልኩን ሳስቀምጥ ሴትዮዋ ቀኝ እጄን ታያለች። እኔም አየሁት። ጭኔ አጠገብ ተዘርግቶ፣ ወደፊት ገፍቶ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅሏን መዘንኩላት።